መሸነፍ የሚያዋጣበት ሊግ

ይድረስ ለተከበሩ የስፖርት ገጽ አዘጋጅ፣

ዳላስ ማቬሪክስ በሜይ 2025 የኤንቢኤ (የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ) ድራፍትን፣ ማለትም ክለቦች አዳዲስ ወጣት ተጫዋቾችን በየተራ የሚመርጡበትን ሥርዓት፣ የመጀመሪያ ዕጣ ካገኘ ወዲህ፣ በእኛ በሲልቨር ስፕሪንግ ቡና ቤቶች የቅርጫት ኳስ ወሬ ሲነሳ ክርክሩ አንድ ነው፤ ዕጣው ተጭበርብሯል ወይስ አልተጭበረበረም? ጥርጣሬው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ዳላስ በፌብሩዋሪ ኮከቡን ሉካ ዶንቺችን ለሎስ አንጀለስ ሌከርስ አሳልፎ ሰጠ፣ ደጋፊው በቁጣ ነደደ። ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ 1.8 በመቶ ዕድል ብቻ ይዞ በዓመቱ እጅግ የተፈለገውን ወጣት ኩፐር ፍላግን የመውሰድ መብት አገኘ። ቢሆንም የምንከራከረው በማይረባው ጥያቄ ላይ ይመስለኛል።

ዕጣው የሚወጣው የክለቦች ተወካዮችና ጋዜጠኞች ባሉበት ክፍል ነው። ከ1 እስከ 14 ቁጥር የተጻፈባቸው የጠረጴዛ ቴኒስ ኳሶች ማሽን ውስጥ ይገቡና አራቱ ይወጣሉ። ከአራቱ ቁጥሮች ሊገጣጠሙ ከሚችሉት 1,001 ስብስቦች 1,000ው አስቀድመው ለክለቦቹ ተከፋፍለዋል። ከሁሉም በታች ለጨረሱት ሦስት ክለቦች ለእያንዳንዳቸው 140 ይደርሳቸዋል፤ ዳላስ 18 ነበረው። 18 ከ1,000 ትንሽ ነው እንጂ ባዶ አይደለም፣ አንዳንዴም ይወጣል። እኔን የሚያስቆጣኝ ግን ከዕጣው ቀን በፊት ባሉት ወራት በየሜዳው የሚሆነው ነው።

አብዛኞቻችን ያደግነው በእግር ኳስ ነው። እዚያ ከታች የቀረ ይወርዳል፤ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ላለመውረድ የሚደረገው ትግል አንዳንዴ ከዋንጫው ፉክክር ይበልጣል። በኤንቢኤ መውረድ የለም። ይልቁንም ከታች የቀረው ክለብ ከዓመቱ ምርጥ ወጣቶች ቀድሞ የመምረጥ ተስፋ ይሰጠዋል። ሐሳቡ ከደግ ልብ የመነጨ ነው፤ ደካማው እንዲጠነክር፣ ሀብታሙ ሁሉንም እንዳይጠቀልል። ነገር ግን ለመሸነፍ ዋጋ ከተሰጠው ዋጋውን የሚፈልግ አይጠፋም። ሂውስተን ሮኬትስ ናይጄሪያዊውን ሀኪም ኦላጁዋንን በ1984 ከመውሰዱ በፊት ሆን ብሎ ተሸንፏል ተብሎ በመጠርጠሩ ነበር ሊጉ በ1985 ሎተሪ የጀመረው። ከዚያ ወዲህ ቀመሩ ደጋግሞ ተቀይሯል። በ2019 ከሁሉም የከፋ ውጤት ያለው ክለብ ዕድል ከ25 በመቶ ወደ 14 በመቶ ዝቅ ተደረገ። ሽልማቱ ቀነሰ እንጂ አልቀረም።

ተጫዋቾቹ እንደማይለግሙ መታወቅ አለበት። ሜዳ የገባው ልጅ የሚቀጥለውን ውል እያሰበ በሙሉ ጉልበቱ ይጫወታል። የሚሸነፈው ቢሮው ነው። ልምድ ያላቸው ይሸጣሉ፣ ዋናው ተጫዋች በትንሽ ሕመም ተቀምጦ ይከርማል፣ በአራተኛውና በመጨረሻው የጨዋታ ክፍል ለመምራት የሚያስችል ሰው ሜዳ ላይ አይቀርም።

የከተማችንን ክለብ ዋሽንግተን ዊዛርድስን እንውሰድ። በ2023-24 ከ82 ጨዋታ 15 ብቻ አሸነፈ፣ በክለቡ ታሪክ ከዚያ የከፋ የለም። በቀጣዩ ዓመት 18 አሸነፈ። የ18ኛው ድል አገኛኘት ነው ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ። በዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ከማያሚ ጋር ባብ ካሪንግተን የሚባል የ19 ዓመት የባልቲሞር ልጅ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል የወረወራት ኳስ ገባችና ቡድኑ አሸነፈ። ያ ድል ባይኖር ዊዛርድስ ከዩታ ጃዝ ጋር እኩል 17 ይዞ ይጨርስ ነበር። በመኖሩ ዩታ ብቻውን ከሁሉም በታች ሆነ። ሕጉ ደግሞ የመጨረሻው ክለብ ከአምስተኛ ምርጫ በታች እንዳይወርድ ይጠብቀዋል፣ ከእሱ ቀጥሎ ያለው ግን እስከ ስድስተኛ ሊወርድ ይችላል። ዕጣው ሲወጣ ዩታ አምስተኛ፣ ዊዛርድስ ስድስተኛ ሆኑ። ገና አንድ ዓመት የተጫወተ፣ በማያሚ ሜዳ ቡድኑን ለድል ያበቃ ልጅ፣ ክለቡን ጎዳ ማለት ነው! ዓመቱን ሙሉ ከልጆቹ ጋር ቲኬት እየገዛ የገባ አባት ያችን ኳስ በቴሌቪዥን አይቶ ይዝለል ወይስ ይዘን? ይህን ጥያቄ የሚያስነሳ ሕግ ፍትሐዊ ሊባል አይችልም፣ ዕጣው የቱንም ያህል በንጽሕና ቢወጣ።

ቅጣትም መፍትሔ አልሆነም። በኤፕሪል 2023 ዳላስ የፕሌይኦፍ (ከመደበኛው ውድድር በኋላ ለዋንጫ የሚደረገው ጥሎ ማለፍ) ተስፋው ሳይሞት ከቺካጎ ጋር ሲጫወት ዋና ተጫዋቾቹን አስቀመጠ። የመጀመሪያ ዙር የድራፍት ምርጫው ከመጀመሪያዎቹ አሥር ውጭ ከወጣ በቀደመ ልውውጥ መሠረት ለኒውዮርክ ኒክስ የሚተላለፍ ነበርና። ሊጉ 750,000 ዶላር ቀጣው። ዳላስም ምርጫውን አስቀረ፣ በልውውጥም ዴሪክ ላይቭሊን አገኘበት፣ በቀጣዩ ዓመትም ከላይቭሊ ጋር ለሊጉ ፍጻሜ ደረሰ። ለቢሊየነር ባለቤት ይህ ቅጣት ሳይሆን ግዢ ነው።

የተሻለ መንገድ አለ፣ የተጀመረውም እዚሁ ሰሜን አሜሪካ ነው። የሴቶች ፕሮፌሽናል የበረዶ ሆኪ ሊግ በ2024 ሲጀመር የያዘው ሕግ፣ አንድ ቡድን ከፕሌይኦፍ ውጭ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ የሚሰበስበውን ነጥብ ይቆጥራል። ብዙ የሰበሰበው ቀድሞ ይመርጣል። እውነተኛው ደካማ አልተረሳም፤ ቀድሞ ስለሚሰናበት ነጥብ የሚሰበስብባቸው ብዙ ጨዋታዎች ይቀሩታል። ግን ማሸነፍ አለበት። «ቀድሞ ለመሰናበት በኖቬምበር መሸነፍ ይጀምራሉ» የሚሉ አሉ። ሊሞክር የሚችል ይኖራል። ነገር ግን ቡድኑን አፍርሶ የሸጠ ክለብ በማርች በማን ሊያሸንፍ ነው? እኔ ይህን ስጋት ዛሬ ካለው ጋር አላወዳድረውም።

እናንተን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ማርችና ኤፕሪል ሲደርስ የስፖርት ገጾች የሚሞሉት በዕጣ ዕድል ስሌት ነው። በዚያ ቦታ በየምሽቱ ማን እንደተቀመጠ፣ ክለቡ ምን ምክንያት እንደሰጠ፣ ሰውየው ከሦስት ቀን በፊት ስንት ደቂቃ እንደተጫወተ ጻፉልን። በታክሲ ሾፌርነትና በመኪና ማቆሚያ ሥራ ባገኘው ገንዘብ ለቤተሰቡ ቲኬት የሚገዛው ወገናችን ከመክፈሉ በፊት ይህን ማወቅ ይገባዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ