ይድረስ ለአባቴ፣ ዘጌ

አባቴ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? እኛ ከናፍቆትዎ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባሕር ዳር ዝናቡ በርትቷል።

ባለፈው በስልክ «ልጅቷን አዝማሪ ልታደርጊያት ነው?» ሲሉኝ መልስ አጥቼ ዝም አልኩ። አሁን የልጄ የክረምት የቫዮሊን ትምህርት ስድስተኛ ሳምንቱን ይዟል። ያየሁትን ልንገርዎ።

ቫዮሊን አራት ክር አለው። ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ ይሏቸዋል። ደጋኑ እንደ መሲንቆው የፈረስ ጭራ ነው፤ ድምፅ እንዲያወጣ የደረቀ የዛፍ ሙጫ ይታሻል። መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ሥራዋ ደጋኑን ሳብ መለስ ማድረግ ብቻ ነበር። ድምፁ ጆሮ ይበሳል። እኔም «ምን ውስጥ ነው የገባነው» ብዬ ነበር።

ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። የቫዮሊን አንገት ልሙጥ ነው። እንደ ጊታር የጣት ቦታ የሚለይ ብረት የለውም። ጣት ትንሽ ከሳተ ዜማው ይበላሻል። ለዚህ ብሎ አስተማሪዋ ሦስት ቀጫጭን ፕላስተር ለጥፎላት ነበር። ባለፈው ማክሰኞ ነቀለባት። ቤት የገባችው እያለቀሰች ነው።

ማታ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ዓይኗን ጨፈነች። ድምፁን መጀመሪያ በአፏ አዜመችው። ከዚያ ጣቷን አሳረፈች። ሳተች። ጣቷን ሳታነሳ ቀስ ብላ አንሸራተተችው፤ ገባላት! ፊቷ እንዴት እንደበራ ቢያዩ።

እርስዎ ትዝ አሉኝ፣ አባቴ። ዛፉ ሥር ተቀምጠው የዜማ ተማሪውን «አትቸኩል፣ መጀመሪያ ስማ» የሚሉት። ድጓው ላይ ምልክቱ ከፊደሉ በላይ ተጽፏል፤ ቢሆንም ከመምህር አፍ ያልሰማ ሰው ዜማውን አያገኘውም ይሉን ነበር። የእሷም ወረቀት እንደዚያው ነው። አምስት መስመር ላይ ምልክት ተደርድሯል። ታነበዋለች፤ ጆሮዋ እሺ ካላላት ግን ዋጋ የለውም። የእርስዎን ትምህርት በሌላ መሣሪያ እየተማረች ነው የመሰለኝ። ደግሞ አይስጉ፤ እሑድ ቅዳሴ አስቀርታ አታውቅም።

አንድ ነገር ከብዶኛል። ስትሳሳት ቶሎ ሆድ ይብሳታል፤ እኔም ሲደክመኝ እጮህባታለሁ። በኋላ ይቆጨኛል። እርስዎ ያን ሁሉ ተማሪ እንዴት ቻሉት? ሲመጡ ይነግሩኛል።

አዎ፣ እንዲመጡ ነው የምፈልገው። ጳጉሜ ላይ ልጆቹ ወላጅ ፊት ይጫወታሉ። የእሷ ተራ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ሴት ልጆች በእንቁጣጣሽ አበባ ይዘው የሚያዜሙትን ነው የምትጫወተው። በጠዋቱ ጀልባ ይሳፈሩ፤ ከሰዓት ሐይቁ ይናወጣል። ጋቢዎን አይርሱ። ወደቡ ላይ ቆመን እንጠብቅዎታለን።

እሷም ይህን ጻፊልኝ ብላለች፦ «አባባ ከፊት ይቀመጡ። ስሳሳት በጣታቸው ያሳዩኝ።»

ልጅዎ