ተከራዮቹ ይቆዩልን

እማዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ?

የቤቱን ኪራይ 10 በመቶ እንጨምር ያልሽውን ደጋግሜ አሰብኩበት። አትቆጪኝና አልተዋጠልኝም። እስቲ አብረን እናስላው። 10 በመቶ ማለት በዓመት ሲደመር የአንድ ወር ከጥቂት ቀን ኪራይ ነው። ተከራዮቹ ተቀይመው ቢወጡና ቤቱ ወር ተኩል ባዶ ቢቆም ጭማሪው ተበላ። ቀለሙን፣ ደላላውን፣ የሚቀየረውን ቁልፍ ገና ሳንቆጥር። ብዙ ክፍል የሚያከራይ ሰው አንዱ ቢለቀቅበት ሌሎቹ ይደጉሙታል። የእኛ ግን አንድ ቤት፣ አንድ ቤተሰብ ነው። እነሱ ከወጡ ገቢያችን ዜሮ ነው።

ደግሞ ምን ዓይነት ሰዎች እንደሆኑ አንቺም ታውቂያለሽ። አሸንዳው በቅጠል ሲደፈን ማንም ሳይነግራቸው ይጠርጋሉ። ከሁሉ በላይ ግን የሆነ ነገር ሲያፈስ ወዲያው ይደውላሉ። ይህን እንደ ቀላል አትይው። ከመታጠቢያው ሥር ጠብ ጠብ የምትል ውሃ ዛሬ በአንዲት ጎሚኒ ትቆማለች። ዓመት ሙሉ ሳትታይ ከቆየች እንጨቱን ታበሰብሳለች፣ ግድግዳውን ታሻግታለች። ባለቤቱን የሚፈራ ተከራይ ደግሞ አይደውልም፤ ችሎ ይቀመጣል። ለእኔ ኪራይ በቀኑ ከሚከፍለው ይልቅ ቶሎ የሚደውለው ይበልጥብኛል። ሁለቱንም አሟልቶ ከተገኘማ እሰየው!

በየወሩ የሚገባውንም ሁሉ ትርፍ ነው አትበይ። ብዙ አከራዮች በየዓመቱ የቤቱን ዋጋ 1 በመቶ ያህል ለጥገና ያስቀምጣሉ። የውሃ ማሞቂያ ብዙውን ጊዜ 10 ዓመት ገደማ ነው ዕድሜው። ምንም ያልተበላሸበት ዓመት ደስ ይላል፤ ቤቱ ግን በዚያም ዓመት እያረጀ ነው።

ድንገት እነሱ በራሳቸው ምክንያት ከለቀቁ፣ ስለ አዲሱ ተከራይ አሁን ያለበትን ቤት አከራይ ብቻ አንጠይቅ። እሱ ሊገላገለው ፈልጎ ሊያሞግሰው ይችላል። ከዚያ በፊት ያከራየው ነው እውነቱን የሚነግረን። ቁልፍ ሳናስረክብም እያንዳንዱን ክፍል ፎቶ እናነሳለን። በኋላ "ስገባም እንዲህ ነበር" ክርክር የለም።

ጭማሪ ጭራሽ ይቅር አላልኩም። ውሉ ሲታደስ 3 በመቶ እንጨምር፤ ሁለት ወር ቀደም ብለን በጽሑፍ እናሳውቃቸው። እንዲህ ከሆነ ድንገተኛ ዱብ ዕዳ አይሆንባቸውም። የውሉ ቅጂ አንቺ ጋ ነው መሰለኝ። የሚያልቅበትን ቀን አይተሽ ንገሪኝ፤ ደብዳቤውን እኔ እጽፈዋለሁ።

ልጅሽ