እማዬ መንዝ ካልመለስከኝ ብላለች

ይድረስ ለመምህሩ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ? መጥፋቴ በዛ፣ አውቃለሁ፤ ይቅር በለኝ። ሌላውን ስንገናኝ እናወራዋለን። አሁን የጻፍኩልህ ጨንቆኝ ነው።

እማዬ እኔ ጋ ናት። ከአባዬ ሙት ዓመት በኋላ አመጣኋት። ኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ነው፤ አንዴ ከወጣች ጉልበቷ አያስወርዳትም። ባናዋን ተከናንባ በረንዳ ላይ ትቀመጥና ያለፈ ያገደመውን ሁሉ "እንዴት አደራችሁ!" ትላለች። ቀና ብሎ የሚመልስላት ጥቂት ነው። እዚያ መንዝ እኮ ከእኛ ግቢ እስከ ጎረቤት ድረስ የገብስ ማሳ አለ። ግን ጠዋት ጭስ ካልታየ "ምን ሆና ነው?" ብሎ የሚመጣ ሰው ነበራት። እዚህ ግድግዳ የምንጋራውን ጎረቤት ስም የነገረችኝ እሷ ናት፣ ቡና ጠርታው።

አንተ ክፍል ገብተህ "2,000 ሰው ከኖረበት ከተማ ይባላል" እያልክ ታስተምራለህ። የ1999ኙ ቆጠራም ከመቶ 16 ያህሉን ሕዝብ ነው ከተሜ ያለው። እስቲ እማዬን ከየትኛው ትደምርልኛለህ? አዳሯ አዲስ አበባ፣ ሐሳቧ ገብሱ ላይ። አረንጓዴውን የመሬት ደብተር ትራሷ ሥር አድርጋለች። መሬቱን የእኩል የያዘው ልጅ ደህና ሰው ነው፤ እሷን የሚያሳስባት ቤቱ ነው። እዚህ ዝናብ ባካፋ ቁጥር የዚያን ቤት ክዳን ታነሳብኛለች።

እኔ ደግሞ እፈራለሁ። የደም ግፊት ክትትሏ እዚህ ነው። እዚያ ሌሊት ቢያማት መኪና መንገድ እስኪደረስ በቃሬዛ ነው። አባዬን እንዴት እንዳወረድነው... አንተም ተሸክመሃል። ስለሱ ብዙ መጻፍ አልችልም።

ግን እየከሳችብኝ ነው። ሥራ ፈትታ አታውቅማ። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ሌሊት ተነስታ ጀሪካኑን ሁሉ የምትሞላው እሷ ናት፤ ያን ቀን ፊቷ ፈክቶ ይውላል።

እባክህ ቅዳሜ ብቅ በልልኝ። ክዳኑን እየው፣ ሣሩን ለማደስ ስንት እንደሚፈጅ ጠይቅ። ማታ ማታ አብራት የምታድር ልጅ ከተገኘች እመልሳታለሁ፣ ለክትትሉ እየተመላለስኩ አመጣታለሁ። ብሩን በቴሌብር እልካለሁ። ብቻ ነገሩ እስኪያልቅ ለእሷ እንዳትደውል። አንተ "ሃሎ" ካልካት ጓዟን ሸክፋ ነው የምትጠብቀኝ።

ወንድምህ