ይድረስ ለገንዘብ ያዣችን

እንደምን ከረምሽ? ሁለት ዓመት መጥፋቴን አውቃለሁ፤ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር በይኝ። 800 ብሩንም አልረሳሁትም። እሱን ወደ ታች እመጣበታለሁ።

አቦ፣ ጨንቆኛል። ድሬዳዋ አቅራቢያ፣ የጥንቷ ከተማ ፍርስራሽ ያለባት ሐርላ አጠገብ፣ አንድ ማሳ ላይ ለ10 ቀን ጥንታዊ ቅርስ ፍለጋ ልቆፍር ብዬ የገንዘብ ማመልከቻ እየጻፍኩ ነው። አዎ፣ እኔ! ሳቂ፣ ልጠብቅሽ።

በ2009 ዓ.ም. የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ ሐርላ ተገኘ ሲባል ድሬ እንዴት እንዳወራች ታስታውሻለሽ። አያትሽ ግን አሁንም «የግዙፎቹ አገር» ነው የሚሉት አይደል? ለዚያ ቁፋሮ ከጀርባው የአውሮፓ የምርምር ምክር ቤት ገንዘብ ነበረው። ከኔ ጀርባ ያለሽው አንቺ ነሽ።

ሰው ቁፋሮ ሲባል ወጪው አካፋ ይመስለዋል። መቆፈሩማ ቀላሉ ነው። አፈሩ በወንፊት ይነፋል፤ ምስር የምታክል ቀይ ዶቃ ካመለጠችሽ አለቀ። ስባሪ ሸክላው በጥርስ ብሩሽ ይታጠባል፣ አንድ በአንድ ቁጥር ይጻፍበታል። 10 ቀን የቆፈርሽውን ወራት ትለቅሚዋለሽ። ዕድሜው እንዲታወቅ ጥፍር የምታክል ከሰል ውጭ አገር ትላካለች፣ ክፍያው በዶላር ነው። በመጨረሻ ጉድጓዱን መልሰሽ ትደፍኛለሽ፤ እሱም የቀን ሠራተኛ ይፈልጋል።

ያልጠበቅኩት ግን ጫቱን ነው። ማሳው ጫት አለበት። ባለቤቱን ለማግባባት ሦስት ጊዜ ሄድኩ። «የኔ ጫት ዛሬ ካልተቆረጠ ገበያ ያመልጠዋል፤ ያንተ ሸክላ 800 ዓመት ቆይቷል፣ ትንሽ ይጠብቅ» አሉኝ። ምን ትያቸዋለሽ? በሚነካው የጫት እግር ቁጥር ልከፍላቸው ተስማማን። ቅጹ ላይ ግን ለጫት የሚሆን መስመር የለም። «የሰብል ካሳ» ብዬ ጻፍኩ። ውሸት ነው እንዴ? እስቲ አንቺ ፍረጂ።

ደግሞ ... ለራሴ አበል ዜሮ አስገብቻለሁ። የሚያስከብረኝ መስሎኝ ነበር። ባለቤቴ አይታ «እኛስ የትኛው መስመር ላይ ነን?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከመከልከሉ ይልቅ ገንዘቡ ቢፈቀድ ነው የሚያስፈራኝ።

ሠንጠረዡን በቴሌግራም ልኬልሻለሁ። ማመልከቻው ሐሙስ ይዘጋል። ድምሩን ብቻ እዪልኝ፣ መደመር ላይ ያለኝን ታሪክ ታውቂዋለሽ።

800 ብርሽ «ልዩ ልዩ» የሚለው ውስጥ የለም። ከኪሴ ነው የምከፍለው። ከጥምቀት በኋላ።