ንክኪ የሚከብዳቸውን ልጆች በማን መጠይቅ እንመዝን?

ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

በየዓመቱ መጋቢት 24 ቀን የዓለም የኦቲዝም ቀን በሚታሰብበት ሰሞን ጋዜጦቻችን ስለ ልጆቹ የንግግር መዘግየት፣ ስለ ባሕርያቸውና ስለ ወላጆቻቸው ድካም ሰፋ አድርገው ይጽፋሉ። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ንክኪ ለእነዚህ ልጆች ምን ያህል ከባድ ሊሆን እንደሚችልና ይህም እንዴት እንደሚመዘን የሚያስረዳ ጽሑፍ ግን እምብዛም አላጋጠመኝም። በልዩ ፍላጎት ክፍል የማስተምር በመሆኔ ጉዳዩን በቅርብ ስለማየው፣ በዓምዳችሁ ጥቂት ቦታ እንድትሰጡኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ጉዳዩ በሙያው ዘንድ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊቷ የኦኩፔሽናል ቴራፒ (ሰው የዕለት ተዕለት ተግባሩን እንዲያከናውን የሚረዳ ሕክምና) ባለሙያ ጂን አይረስ፣ አንዳንድ ልጆች ሌላው ሰው ከቁም ነገር በማይቆጥረው ንክኪ የሚደነግጡበትንና የሚሸሹበትን ሁኔታ በጽሑፍ ያቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1964 ነበር። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው አምስተኛው የምርመራ መመሪያ፣ ለድምፅ፣ ለንክኪና ለመሳሰሉት ከልክ ያለፈ ወይም እጅግ ያነሰ ምላሽ መስጠትን ከኦቲዝም መለያዎች አንዱ አድርጎ አካትቶታል። በእኛ ዘንድ ግን ሹሩባ ስትሠራ የምትጮኽ ልጅ «ሞልቃቃ»፣ ዘመድ ሲስመው ጉንጩን የሚጠርግ ልጅም «ያልተቀጣ» ከመባል አልዳኑም።

በምዘና ወቅት ብዙ ጊዜ ሲምታቱ የማያቸው ሁለት ጥያቄዎች አሉ፤ ልጁ ንክኪውን ለይቶ ያውቀዋል ወይ የሚለውና የተሰማውን ንክኪ ይታገሠዋል ወይ የሚለው። ለመጀመሪያው ጥያቄ መሣሪያ አለ። በስኳርና በሥጋ ደዌ ሕክምና የሚሠራበት ቀጭን የናይለን ክር ቆዳ ላይ ሲጫን፣ የተወሰነ ኃይል ላይ ሲደርስ ይጎብጣል፤ ታካሚው ዓይኑን ጨፍኖ ሲሰማው ይናገራል። ሴሬብራል ፓልሲ (በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ እክል) ላለበት ልጅ ደግሞ እጁን ከረጢት ውስጥ አስገብቶ፣ ሳያይ፣ ማንኪያውን ከእርሳስ፣ ሳንቲሙን ከባቄላ እንዲለይ ማድረግ ስለ መዳፉ ብዙ ይነግረናል። ሆኖም ክሩን እንደ እኩዮቹ የሚለይ ልጅ የሹራቡን አንገት መታገሥ ሊያቅተው ይችላል። መናገር የማይችል ልጅም ዝም ስላለ ብቻ አልተሰማውም ማለት አይቻልም።

ሁለተኛው ጥያቄ የሚመለሰው በአመዛኙ ወላጅ በሚሞላው መጠይቅ ነው። በሰፊው የሚታወቀው መጠይቅ አሜሪካዊቷ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያ ዊኒ ደን እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተሙት፣ ልጁ ለንክኪ፣ ለድምፅና ለመሳሰሉት የሚሰጠውን ምላሽ የሚጠይቀው ሴንሰሪ ፕሮፋይል የተባለው ሲሆን፣ ውጤቱ የሚነጻጸረው እክል ከሌለባቸው ከአንድ ሺህ በላይ አሜሪካውያን ልጆች ከተሰበሰበ መረጃ ጋር ነው። መጠይቁን አልነቅፍም፤ ወላጅን የልጁ ዋነኛ ምስክር ማድረጉ ትልቅ ነገር ነው። ቅር የሚለኝ እንዲህ ያሉ መጠይቆች ወደ አማርኛ ቃል በቃል ተመልሰው፣ የሚወጣው ቁጥር እንደ ላቦራቶሪ ውጤት ሲወሰድ ነው። የእኛ ልጅ የሚነካውና የሚነካካው ሌላ ነው፤ በእጁ ይበላል፣ ጉርሻ ይጎረሳል፣ ጋቢ ይለብሳል፣ ቅቤ ይቀባል፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ጉንጩ እየተገላበጠ ይሳማል። (ቡና ላይ የተሰበሰቡ ጎረቤቶች «ሳይስመን አይሄድም» ብለው ልጁን ከእናቱ ጉያ ሲጎትቱ ማየት ለእኔ እስካሁን ይከብደኛል።)

አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። አንድ ተማሪ እንጀራውን በደረቁ ይበላል፤ ጣቱን ወጥ ከነካው ግን ምሳውን ትቶ እጁን ሱሪው ላይ እስኪቀላ ይፈትጋል። ቤተሰቡ «ሽሮ አይወድም» ይል ነበር። ማንኪያ ሲሰጠው ያንኑ ሽሮ ጥርግ አድርጎ በላ፤ ችግሩ ምላሱ ላይ ሳይሆን ጣቱ ላይ ነበርና። ልጆች በሹካና በማንኪያ ከሚበሉበት ቤት የተነሣ ጥያቄ ይህን ሊይዘው አይችልም።

ትኩስ የቡና ስኒ ጨብጦ የማይለቅ፣ ተረከዙ ተልጦ የማያለቅስ ልጅ ደግሞ «ጨዋ ነው» ተብሎ ይታለፋል። እኔ ግን ከሚጮኸው ይልቅ ለዚህኛው እሠጋለሁ፤ ከሰል ምድጃ ባለበት ቤት አለመሰማት አደጋ ነውና።

ስለዚህ መጠይቁ ልጁን በዓይን በማየት ሊታገዝ ይገባል። ልጁ በድንገት ሲነካና ተነግሮት ሲነካ፣ በስሱ ሲዳሰስና ጠበቅ ተደርጎ ሲያዝ፣ ሌላ ሰው ሲነካውና ራሱ ሲነካ የሚያሳየው ልዩነት መታየት አለበት፤ ብዙዎቹ ስስ የሆነውንና ያልጠበቁትን ንክኪ አጥብቀው ሲሸሹ፣ ጠበቅ ያለውን ይቀበላሉ። ከዚያ በፊት ግን እከክ፣ ችፌ፣ የጥርስ ወይም የጆሮ ሕመም እንደሌለ በሐኪም ይጣራ። የታመመ ጥርስ ያለው ልጅ ፊቱን ባያስነካ ምን ያስደንቃል? ልጁን በግድ ይዞ «መፈተን» ደግሞ የሚለካው የንክኪ ስሜቱን ሳይሆን ፍርሃቱን ነው።

በአገራችን ለዚህ ሥራ መሠረት የሚሆን ነገር አለ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 የመሠረቱት ጆይ የኦቲዝም ማዕከል ለረጅም ዓመታት ከወላጆች ጋር የሠራ ነው፤ በጎንደር ዩኒቨርሲቲም የኦኩፔሽናል ቴራፒ ትምህርት ተጀምሯል። እነዚህን የመሰሉ ተቋማት ከወላጆች፣ ከሹሩባ ሠሪዎችና ከፀጉር አስተካካዮች ጋር ሳይቀር ተቀምጠው፣ ከራሳችን ቤት የተነሣ መጠይቅ እንዲያዘጋጁና በራሳችን ልጆች ላይ እንዲያረጋግጡት እጠይቃለሁ። እስከዚያው ድረስ በየትምህርት ቤቱ ያለን መምህራን ልጁ የተረበሸው የት አካሉ ላይ፣ በምን፣ በማን ሲነካ እንደሆነና ለመረጋጋት ምን ያህል ጊዜ እንደወሰደበት በደብተር እየመዘገብን፣ ልጁ ወደ ጤና ተቋም ሲላክ ማስታወሻውን ከወላጁ ጋር ብንልክ ለሐኪሙ ከባዶ እጅ ይሻለዋል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የልዩ ፍላጎት ትምህርት መምህር፣ ከአዲስ አበባ