አባዬ፣ አማርኛ አስተማሪ ልሆን ነው፤ ስለ ጋሞኛም የምልህ አለኝ

አባዬ እንደምን ከረምክ፣ እማዬስ ጉልበቷ እንዴት ሆነላት? የጨንቻ ብርድ ጠንቷል ሲሉኝ አሰብኳችሁ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን እግዚአብሔር ይመስገን። ባለፈው ስልክ ላይ "አማርኛ እንደሁ ሁሉም ሰው ይችላል፣ እሱን ለማስተማር ይሄን ያህል ዓመት መማር ለምን አስፈለገ" ያልከኝ ነገር ከሆዴ አልወጣ ብሎ ሰነበተ፣ ኔትወርኩም እየተቆራረጠ በደንብ አልመለስኩልህም፣ ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልህ አልኩ። ይረዝማል፣ ቀስ እያልክ አንብበው።

መጀመሪያ ነገር አባዬ፣ አማርኛ ሁሉም ሰው አይችልም። አሁን ለማስተማር ልምምድ፣ ፕራክቲከም ለሚሉት፣ የወጣሁበት ክፍል ውስጥ ቤታቸው ኦሮምኛ የሚወራ ልጆች አሉ፣ ጉራጊኛ፣ ስልጥኛ፣ ትግርኛ፣ ወላይትኛ የሚወራም አለ፣ መጽሐፉ ግን ለሁሉም አንድ ነው፣ አማርኛን እንደ አፍ መፍቻ ቋንቋ ቆጥሮ የተዘጋጀው። ክልል ላይ አማርኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ለሚማሩ ልጆች ለብቻው የተዘጋጀ መጽሐፍ አለ፣ ከስሩ ቀስ ብሎ የሚጀምር። አዲስ አበባ የመጣ ልጅ ግን አውቶብስ ተራ ከወረደበት ቀን ጀምሮ አማርኛ አፉን የፈታበት እንደሆነ ተደርጎ ተረትና ምሳሌያዊ አነጋገር ይሰጠዋል። ይሄ በጣም ያናድደኛል።

አንድ ልጅ አለ፣ ከወላይታ መጥቶ ከአጎቱ ጋር የሚኖር፣ አጠገቡ የተቀመጠችውን ልጅ "አንተ ላጲስህን ስጠኝ" ሲላት ክፍሉ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ፣ ከዛ ቀን ወዲህ እጁን አያወጣም። አባዬ ይሄን ሳቅ አንተም ታውቀዋለህ፣ ሽሮሜዳ ነጠላ ሊገዙ የመጡ ሴቶችን "አንተ" ስትላቸው እየተጠቃቀሱ ሲስቁብህ አይቻለሁ። ወላይትኛም ጋሞኛም እኮ ፊት ለፊትህ ያለውን ሰው ስታናግር ወንድ ሴት ብለው አይለዩም፣ ኦሮምኛም አይለይም። ልጁ የቤቱን ሰዋስው ይዞ ነው የመጣው፣ እና አስተማሪው ይሄን ካላወቀ ልጁን ደካማ ብሎ ይጽፈዋል፣ ይሄው ነው። ዩኒቨርሲቲ የገባሁት ይሄንን ለማወቅ ነው አባዬ። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ሌሰን ፕላኔን ትቼ በየቤታችሁ ቋንቋ "አንተ"ና "አንቺ" እንዴት ነው የሚባለው ብዬ ጠየቅኳቸው፣ የትግርኛው ልጅ የኛ ይለያል አለ፣ ኦሮምኛ የምትናገረዋ የኛ አንድ ነው አለች፣ ሰሌዳው ሞላ። ልጁ ያን ቀንም ብዙ አላወራም፣ ግን የሳቀበት አልነበረም።

ከዛ ወዲህ ስለ አንተ ብዙ አስባለሁ። ከእማዬ ጋር ማታ ማታ በጋሞኛ ታወራላችሁ፣ ከሸማኔ ጓደኞችህም ጋር እንደዛው፣ ወደ እኛ ስትዞር ግን አማርኛ ብቻ። ለምን እንደሆነ ይገባኛል። "ዶርዜ" እንደ ስድብ ሲወረወርብህ ኖሯል፣ ለአውዳመት ጥለቱ ያማረ ልብስ የለበሰ ሰው ያንን ጥለት ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ የሠራውን ሰው ሲንቅ አይተሃል፣ ይሄ ወደ ልጆችህ እንዲያልፍ አልፈለግክም። ደግሞ አንተ ራስህ ፊደል የቆጠርከው በመሠረተ ትምህርት ነው። ዘመቻው በ1971 በጥቂት ቋንቋዎች ተጀምሮ በኋላ 15 ደርሶ ነበር፣ በጃንሆይ ጊዜ ከአማርኛ ሌላ የሀገር ቋንቋ ትምህርት ቤት ውስጥ ቦታ ስላልነበረው ትልቅ ለውጥ ነበር፣ ወላይትኛ ነበረበት፣ ጋሞኛ ግን ከአስራ አምስቱ ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ ላንተ መማር ማለት አማርኛ ሆኖ ቀረ፣ ማን ይፈርድብሃል።

አልወቅስህም አባዬ፣ በፍጹም። ግን አማርኛዬ ጥሩ የሆነው ጋሞኛ ስላላወራኸኝ ነው ብለህ የምታምነውን ነገር እንድትተወው እፈልጋለሁ። ልጅ የቤቱን ቋንቋ አጥብቆ ሲይዝ ሁለተኛውን ይበልጥ ይቀለዋል፣ የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ልጆች በአፍ መፍቻቸው ይጀምሩ ሲል አንዱ ምክንያቱ ልጅ በቤቱ ቋንቋ ሲማር የተሻለ ይቀበላል የሚለው ነበር። አሁን እዛው ሰፈራችሁ ትንንሾቹ በጋሞኛ እየተማሩ አይደል፣ በላቲን ፊደል መሆኑ ዓይንህን ቢያስቸግረውም።

ኮርስ ላይ ብዙ የተከራከርንበት የወጋጎዳ ጉዳይ ነው። ትዝ ይልሃል መቼም፣ ወላይታ ጋሞ ጎፋና ዳውሮ ቋንቋቸው ስለሚቀራረብ አንድ ላይ ቀላቅለን በአንድ መጽሐፍ እናስተምር ተብሎ ህዳር 1992 ሶዶ ላይ ሰው እስከ መሞት የደረሰው። መጽሐፉ ተሰበሰበ፣ በኋላም ሰሜን ኦሞ ዞን ተከፋፈለ። አንዳንድ ጓደኞቼ "ከተግባቡ ምን ችግር አለው" አሉ። እኔ ግን ያልተጠየቀ ሰው ቋንቋህ ከዛሬ ጀምሮ ይሄ ነው ሲባል የሚሰማውን ንቀት አንተን አይቼ አውቀዋለሁ፣ ስለዚህ ዝም አላልኩም፣ ስለ ዱቡሻም፣ ስለ ጋሞ ሸንጎ፣ ነገርኳቸው፣ እናንተ ሰው ሁሉ ተናግሮ እስኪስማማ ድረስ እንዴት እንደምትቆዩ።

አማርኛን ደግሞ እወደዋለሁ፣ ይሄንንም ሳልደብቅ ነው የምነግርህ። አርባምንጭ ላይ ጋሞውና ኮንሶው የሚገበያየው በሱ ነው። እኔ የማልፈልገው አማርኛ ለመማር ሲባል የቤትን ቋንቋ በር ላይ ጥሎ መግባትን ነው። ለምንባብ ብዬ ያዘጋጀሁት ጽሑፍ ስለ ጋሞ ሽማግሌዎች ነው፣ መስከረም 2011 ቡራዩ ላይ በወገኖቻችን ላይ ያ ሁሉ ግድያ ከደረሰ በኋላ አርባምንጭ ላይ ወጣቱ ለበቀል ሲወጣ እርጥብ ሳር ይዘው መንገድ ላይ የተንበረከኩት። ያኔ ቤታችን በዘመድ ተሞልቶ አንተ ለቀናት ሳትናገር እንደከረምክ አልረሳሁም። በጥሩ አማርኛ ነው የጻፍኩት፣ ክፍል ውስጥ ያለ የጋሞ ልጅ ጮክ ብሎ እንዲያነበው።

አሁን የምለምንህ ነገር አለ። ክረምት ላይ የእህቴ ልጆች ወደናንተ ሲመጡ በጋሞኛ ብቻ አዋራቸው፣ አልገባንም ብለው ቢያለቅሱም እንዳትራራ። ለኔም ቴሌግራም ላይ ቮይስ ላክልኝ፣ ስለ ዮ ማስቃላ በዓላችን፣ ስለ ልጅነትህ፣ ያሰኘህን፣ የጎረቤት ልጅ ስልኩን ይይዝልሃል። እሰማለሁ እኮ፣ መናገሩ ነው የሚያስቸግረኝ፣ ስሳሳት አርመኝ።

የእማዬን መድኃኒት በመኪና ልኬዋለሁ፣ ሐሙስ አርባምንጭ መናኸሪያ ይደርሳል፣ ወንድሜ ሄዶ ይቀበል። ስልኩን ቻርጅ አድርገህ ጠብቀኝ፣ እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ እደውላለሁ።

ልጅህ