በስሟ ብርሃን ያላት ከተማችን የራሷን መብራት ትሥራ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ከሃያ ዓመት በላይ በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ ባሉ የሰሜን ሸዋ ከተሞች የቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ መስመር እየዘረጋሁ የኖርኩ ባለሙያ ነኝ። ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ስለ መብራት መጥፋት ለማማረር አይደለም፤ ስለዚያ ብዙዎች ጽፈዋል። የእኔ ጉዳይ መብራቱ በመጣ ጊዜ ቤታችንን በምን እንደምናበራው፣ አምፖሉን ምን እንደምናለብሰውና ያንን ልብስ ማን እንደሚሠራው ነው። ነገሩ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ እኔ ግን ለብዙ እጆች እንጀራ የሚሆን፣ ለከተማችንም የራሷ መልክ የሚሰጥ ጉዳይ ሆኖ ስላገኘሁት አንባቢዎቻችሁ እንዲያዩት ፈለግሁ።

በአሁኑ ጊዜ በከተማችን አዲስ ቤት ወይም ሆቴል ሠርቶ የሚጨርስ ሰው ሳሎኑን የሚያበራበት መንገድ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። ኮርኒሱ በጂፕሰም ደረጃ በደረጃ ይሠራና በውስጡ ሰማያዊና ሐምራዊ የኤልኢዲ ገመድ ይቀበራል፤ መሐል ላይ ከውጭ የመጣ የመስታወት ሻንደሌር ይንጠለጠላል፤ በተቀሩት ክፍሎች ደግሞ ዓይን የሚወጋ ነጭ አምፖል ይገባል። ብዙዎቹን በእጄ ያሰርኩ ስለሆንኩ ማንንም ለመውቀስ አልተነሣሁም። ነገር ግን ያየሁትን ልናገር። አንድ የሆቴል ባለቤት ሻንደሌራቸው ግማሹ ጠፍቶባቸው ጠሩኝ። ስፈታው የተቃጠለው በውስጡ ያለው ድራይቨር፣ ማለትም ኃይሉን ለኤልኢዲዎቹ አመጣጥኖ የሚሰጠው ክፍል ነበር፤ ለዚያ ዕቃ ብቻ ተብሎ የተሠራ በመሆኑ ምትኩን አዲስ አበባ መርካቶ ድረስ ወርጄ ፈልጌ አጣሁት። ሻንደሌሩ ለወራት ግማሹ እንደጨለመ ተንጠልጥሎ ቆየ። ከሥሩ፣ ጥግ ላይ፣ የመንዝ ሴቶች በአለላ ያሳመሩት ትልቅ መሶብ ለጌጥ ቆሞ ነበር። መሰላል ላይ ሆኜ ሁለቱን እየተመለከትኩ፣ የሚጠገነውና የሚያምረው ታች ቆሞ የማይጠገነው ለምን ላይ እንደተሰቀለ ራሴን ጠየቅሁ።

ይህ ጥያቄ ከዛሬ ሃያ ዓመት በፊት መልስ አልነበረውም። አሮጌው ባለ 60 ሻማ አምፖል ከሚወስደው ኃይል ዘጠኝ አሥረኛ ያህሉን የሚያወጣው በሙቀት መልክ ስለነበር ከብረት፣ ከመስታወትና ከሸክላ በቀር አጠገቡ ሊቀመጥ የሚችል ነገር ጥቂት ነበር። ይህንንም የማውቀው በመጽሐፍ አይደለም። ወጣት ሳለሁ የእናቴን የመሶብ ክዳን ገልብጬ እንዲህ ያለውን አምፖል ከውስጡ ሰቅዬ ነበር፤ ሰዓት ሳይሞላ ሰንደዶው ቡናማ ሆኖ ቤቱን የጭድ ቃጠሎ ሽታ ሞላው። ዛሬ ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ የዚያን አምፖል ያህል ብርሃን እየሰጠ በእጅ ሊዳሰስ የሚችል ሆኗል። ሰማያዊውን ኤልኢዲ ለፈለሰፉት ለአካሳኪ፣ ለአማኖና ለናካሙራ በ2014 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት የተሰጣቸው ነጩ ብርሃን በእነርሱ ሥራ ላይ ስለቆመ ነው፤ ለእኔ ግን የሥራቸው ትልቁ ፍሬ ሣርና ሱፍ፣ ወረቀትና ጨርቅ ከአምፖል ጋር አብረው እንዲኖሩ ማስቻሉ ነው።

በቅርቡ ያንኑ ሙከራ በኤልኢዲ ደገምኩት። ማታ ክፍሉን አጨልሜ ማብሪያውን ስጫነው ብርሃኑ በሰንደዶው ውስጥ አላለፈም፤ በስፌቱ ዙሮች መካከል ባሉት፣ ቀን ቀን ዓይን በማያያቸው ክፍተቶች ሾልኮ በወንፊት እንደተነፋ ዱቄት ግድግዳው ላይ ተበተነ። የወስፌዋ ምልክት ሁሉ ታየ። ሠሪዋ የት ላይ እጇን እንዳጠበቀች፣ የት ላይ እንደላላች በግድግዳው ላይ ይነበብ ነበር። ልጆቼ ዝም ብለው አዩት፤ እኔም እንደ እነርሱ ዝም አልኩ።

የዓለም ታላላቅ የመብራት ንድፍ ባለሙያዎች የሄዱበት መንገድ ከዚህ የራቀ አይደለም። በ1951 እ.ኤ.አ. በአባቱ በኩል የጃፓን ዝርያ ያለው አሜሪካዊው ቀራፂ ኢሳሙ ኖጉቺ ወደ ሂሮሺማ ሲጓዝ ጊፉ በተባለች የጃፓን ከተማ አለፈ። ጊፉ ከቀርከሃና ከዛፍ ልጥ ከሚገኝ ወረቀት ፋኖስ በመሥራት የታወቀች ስትሆን ሥራው ግን እየደከመ ነበር። የከተማዋ ከንቲባ ይህን ሙያ እንዲያነቃቃላቸው ጠየቁት፤ እርሱም የሠሪዎቹን ጥበብ እንዳለ ይዞ ቅርጹን አዲስ አደረገው፣ በሻማው ምትክ አምፖል አስገባበት፣ ተጣጥፎ በጠፍጣፋ ሣጥን የሚላክ አድርጎም ሠራው። ስሙን አካሪ አለው፤ በጃፓንኛ ብርሃን ማለት ነው። እነዚህ መብራቶች ዛሬም በዚያችው ከተማ በእጅ ይሠራሉ፣ በመላው ዓለምም ይሸጣሉ። በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን ይበልጥ የገረመኝ የቀራፂው ችሎታ ሳይሆን የከንቲባው ጥያቄ ነው። አንድ የከተማ አስተዳዳሪ በእጁ ያለውን ሙያ ዋጋ አውቆ «ይህን አድስልን» ማለቱ የብዙ ቤተሰብ መተዳደሪያ ሆነ።

የዴንማርኩ ፖል ሄኒንግሰንም ሊጠቀስ ይገባዋል። ይህ ሰው ዕድሜውን በሙሉ የተዋጋው ከአምፖል ቀጥታ ዓይን ውስጥ ከሚገባ ብርሃን ጋር ነበር። በ1958 እ.ኤ.አ. ለአንድ የኮፐንሃገን ምግብ ቤት በሠራው መብራት 72 የመዳብ ቅጠሎችን በየዙሩ ደርድሮ፣ ከየትኛውም አቅጣጫ ቢታይ ብርሃኑ እንጂ አምፖሉ እንዳይታይ አደረገ። ይህ ሥራ ከ60 ዓመት በኋላም ይመረታል። ያዘዘው ምግብ ቤት እንደነበረ የከተማችን ሆቴል ባለቤቶች ልብ ቢሉልኝ ደስ ይለኛል። ጣሊያኖቹ የካስቲሊዮኒ ወንድማማቾች ደግሞ በ1962 እ.ኤ.አ. የመኪና የፊት መብራት ረዥም ዘንግ ላይ አቁመው፣ ትራንስፎርመሩን ሳይደብቁ ከሥር የሚዛን ክብደት አድርገውት የቤት መብራት ሠርተዋል፤ በደሴ መንገድ ዳር ካሉት ጋራዦቻችን የሚጣለውን ዕቃ ባየሁ ቁጥር ይህ ሥራ ትዝ ይለኛል።

ወደ አገራችንም የመጡ አሉ። ስፔናዊው አልቫሮ ካታላን ደ ኦኮን የተጣለ የፕላስቲክ ጠርሙስ አንገቱን ለሽቦው መያዣ ትቶ፣ ገላውን በቀጭን በቀጭኑ ተልትሎ እንደ ድር በመጠቀም በየአገሩ ስፌት ሠሪዎች መብራት ያሠራል፤ ከኮሎምቢያ ጀምሮ ወደ ቺሊም ወደ ኢትዮጵያም መጥቶ የእኛን የስፌት አሠራር ተጠቅሞበታል። ኦላፉር ኤሊያሰን የተባለው አርቲስት ከአንድ መሐንዲስ ጋር ሆኖ በ2012 እ.ኤ.አ. ያወጣት ትንሿ የፀሐይ መብራት ቅርጿ ከመስቀል አበባ የተወሰደ ነው። ሌላው መጥቶ አደያችንንና ስፌታችንን አይቶ መብራት ሲሠራበት እኛ ከአጠገቡ ተቀምጠን የመስታወት ሻንደሌር ማስጫናችን ያሳዝነኛል።

በሰሜን ሸዋ ለዚህ ሥራ የሚሆን ነገር ሞልቷል። የመንዝ በግ ሱፍ አለ፤ ባናውና በርኖሱ ከእርሱ የሚሠራ። ሱፍ በቀላሉ እሳት የማይዝ፣ ቢይዝም ነበልባሉ ሲርቅ ራሱን የሚያጠፋ በመሆኑ ለመብራት ልብስነት ከጥጥ ይሻላል። እርግጥ የበርኖሱ ጥቁር ሱፍ ብርሃን ይውጣል፤ ስለዚህ ጥቁሩን ከውጭ፣ ነጩን ከውስጥ አድርጎ ብርሃኑን ወደ ገበታው ማውረድ፣ ነጩን ብቻውን ሲሆን ደግሞ አሳስቶ መፍተልና ብርሃኑን እንዲያሳልፍ ማድረግ ይቻላል። በጓሳ የሚበቅለው፣ የመንዝ ሕዝብ በቀሮ ሥርዓት ለዓመታት እየዘጋ ሲጠብቀው የኖረው ሣር ለቤት ክዳንና ለገመድ እንደሚሆን ሁሉ፣ ሥርዓቱ በሚፈቅድበት ጊዜ ብቻ ከታጨደ፣ ለበረንዳ መብራት ጥሩ ጥላ ይወጣዋል። ሸክላውም አለ፤ ሳይደርቅ በቀጭን እንጨት የተበሳ ሸክላ አምፖል ሲገባበት ምን እንደሚመስል መናገር ያስቸግረኛል፣ ማየት ይሻላል።

እዚህ ላይ አንድ የሚከብደኝን ነገር ሳልናገር ባልፍ ደብዳቤዬ እውነተኛ አይሆንም። ሸክላ ሠሪውንና ቀጥቃጩን «ጠይብ» እያልን ንቀን፣ ከማዕድ አግልለን የኖርነው እኛው ነን። የዚሁ የአንጎለላ ተወላጅና የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ችግሩ ሥር የሰደደ ስለነበር ነው። ንቀቱ ዛሬ በአፍ ባይነገርም በዋጋ ይነገራል፤ አንዲት ሴት ሳምንታት የፈጀችበትን ስፌት በቅዳሜ ገበያ ስንከራከርባት፣ ለመስታወቱ ግን የተጠየቅነውን ቆጥረን እንሰጣለን።

አንዳንድ ሽማግሌዎች መሶብ የእንጀራ ክብር ነውና ኮርኒስ ላይ አይሰቀልም ብለውኛል። ትክክል ናቸው። እኔም የምለው አሮጌ መሶብ ይበሳ አይደለም፤ ስፌቱ ለመብራት ተብሎ በአዲስ ቅርጽ ከመጀመሪያው ይሠራ ነው።

የምጠይቀው የሚቻል ነገር ነው። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቻችን ኤሌክትሪክ የሚማሩትን ልጆች ከስፌት፣ ከሽመናና ከሸክላ ባለሙያዎች ጋር አንድ ወርክሾፕ ውስጥ ያስቀምጡልን፤ ልጆቹ መሬት ሽቦን፣ የሆልደር አተካከልንና የሙቀት ነገርን ያውቃሉ፣ እናቶች ደግሞ ልጆቹ የማያውቁትን ያውቃሉ። የከተማው አስተዳደር አንድ አዳራሽ ወይም አንድ የእንግዳ ማረፊያ በዚህ ዓይነት መብራት እንዲበራ ይዘዝ። የሆቴል ባለቤቶች ሁሉንም ሳይሆን አንዲት ክፍል ይሞክሩ። መብራቶቹ የትም ሱቅ የሚገኘውን ተራ ባለ ጥርስ አምፖል የሚቀበሉ ይሁኑ፤ ሲቃጠል ባለቤቱ ራሱ ይቀይረዋል፣ እኔም መርካቶ አልወርድም። በእያንዳንዱ ውስጥ «ከ10 ዋት ኤልኢዲ በላይ አይገባም» ተብሎ ይጻፍ፤ ከላይም መተንፈሻ ይተውለት፤ ኤልኢዲ እንደ አሮጌው ባይፋጅም በሥሩ ያለው ኤሌክትሮኒክስ ሙቀት ከታፈነበት ዕድሜው ያጥራል።

አምፖሉን በሚመለከት ደግሞ ለሁሉም አንባቢ የምለምነው አለ። ሱቅ ሄደን «ነጩን ስጠኝ» ማለት ለምደናል። ማሸጊያው ላይ 6500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ወደ ቢጫ ያደላል) የሚል የተጻፈበት ያ ነጭ ብርሃን ለፋርማሲና ለዎርክሾፕ ይሆናል፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለች፣ ማታ ማታ ጋቢ ተከናንበን በምንቀመጥባት በብርዳማዋ ደብረ ብርሃን ግን ሳሎንን ሐኪም ቤት ያስመስለዋል። 2700 ወይም 3000 የሚለው ከጧፍና ከማገዶ ብርሃን የቀረበ ነው። በምሽት ሰማያዊነት የበዛበት ብርሃን እንቅልፍ እንደሚያውክም የታወቀ ነው። ሁለቱ በዋጋ ብዙም አይለያዩም።

እኔ በበኩሌ ጎረቤቴ ከሆኑ አንዲት እናት ጋር ጀምሬያለሁ። እትዬ መጀመሪያ «መብራት የሚገባበት ስፌት በዕድሜዬ አልሠራሁም» ብለው ነበር። የመጀመሪያውን ስፌት እንደ ልማዱ ከመሐል ነጥብ ጀምረው ጨረሱትና ለሆልደሩ ቀዳዳ ስንፈልግ ዙሩ ተበጥሶ ተረተረ፤ የሦስት ሳምንት ሥራ ነበርና ሁለታችንም አዘንን። ለሁለተኛው ከወፍራም ሽቦ የሆልደሩን ልክ ቀለበት አጥፌ ሰጠኋቸው። ቀለበቱን ተቀብለው አውራ ጣታቸውን አስገብተው ለኩት፣ ትንሽ ሰፋ አድርገህ አምጣው አሉኝ፤ አክርማው ሲጠመጠምበት ቀዳዳው እንደሚጠብ ያወቁት እርሳቸው ናቸው። አሁን በቀለበቱ ዙሪያ አሥራ አንደኛው ዙር ላይ ደርሰዋል፣ ቀዩን አለላም ማስገባት ጀምረዋል። ሲያልቅ ጋዜጣችሁ ፎቶ አንሺ ቢልክልን፣ ማታ ይምጣ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ የኤሌክትሪክ ባለሙያ
ከደብረ ብርሃን